ከተራራ አናት ስትወርዱ እንዳትጠፉ

አሜሪካ ውስጥ ለቀድሞ ወታደሮች መታሰቢያ ተብሎ ተራራ አናት ላይ የተደበቀ ጂኦካሽ (ሰዎች በጂፒኤስ ፈልገው እንዲያገኙት የሚደበቅ ሳጥን) ፍለጋ መንገድ በሌለበት ስትወጡ፣ የሚያስቸግረው መውረዱ ነው። ሽቅብ ስትሄዱ ሸንተረሮቹ ሁሉ ወደ አንድ ጫፍ ይሰበሰባሉ፤ ቁልቁል ግን ይበታተናሉ። አናቱ ላይ ትንሽ አቅጣጫ ከሳታችሁ ሌላ ሸለቆ ውስጥ ትገባላችሁ።

ስለዚህ ስትወጡ ሁለት ሸንተረር በተገናኘ ቁጥር ቦታውን ጂፒኤስ ላይ መዝግቡ፤ ዞር ብላችሁም የመጣችሁበትን ፎቶ አንሱ። ቁልቁል ሲታይ ሌላ አገር ነው የሚመስለው! ካርታውን ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ፤ ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክ ይሠራል።

ሳጥኑ (ብዙ ጊዜ አሮጌ የጥይት ሳጥን ነው) ጋ ስትቃረቡ ጂፒኤሱ ጥቂት ሜትር ስለሚስት ዓይናችሁን ድንጋዮቹ ላይ አድርጉ። ከመንገድ መውጣት በተከለከለበት ፓርክ ግን ይቅርባችሁ።