እናት በሕይወት እያለች፦ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት የቤተሰብ አባል የራሱን ቤት እንዴት እናዘጋጃለን?

ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው። ዳውን ሲንድረም የሚባል፣ አብሮት የተወለደ፣ የአእምሮ እድገትን የሚገድብ ሁኔታ አለበት። ላለፉት ሦስት ዓመታት ከእናታችን ቤት የአምስት ደቂቃ የእግር መንገድ ላይ፣ በአንድ የጋራ ግቢ ውስጥ፣ በራሱ ክፍል ይኖራል። ሽሮውን ራሱ ይሠራል፤ በሩን ራሱ ይቆልፋል። ገንዘብና መድኃኒት ላይ ግን ሰው ያስፈልገዋል፤ ሰውም በየቀኑ ይመጣለታል።

ይህን የምጽፈው ብዙ ቤተሰብ አንድ ዓይነት ስህተት ሲሠራ ስለማይ ነው። እናት እስክታልፍ ይጠበቃል። አርባው ሲወጣ "እንግዲህ እሱን ማን ይውሰደው?" ተብሎ ዘመድ ይሰበሰባል። ልጁ በአንድ ወር ውስጥ እናቱንም፣ አልጋውንም፣ ሰፈሩንም ያጣል። ሐዘኑን እንኳ በወጉ ሳያዝን ሻንጣውን ይዞ ከወንድም ቤት ወደ እህት ቤት ይዞራል። ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት እናት በሕይወት እያለች ነው። ገና ጉልበት ኖሯት አዲሱ ቤቱ ሄዳ ቡና ልታፈላለት በምትችልበት ጊዜ።

ሁሉም ሰው ለብቻው ክፍል ይኑረው ማለቴ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ሰው አጠገቡ የሚያስፈልገው አለ። ለእሱ በእህቱ ግቢ ያለች አንዲት ሰርቪስ ክፍል ትበቃው ይሆናል። ደረጃዎቹ ግን ለሁለቱም ይሠራሉ።

1. በእግር ጠይቁት

"ብቻህን መኖር ትፈልጋለህ?" ብትሉት "እሺ" ይላችኋል። "አትፈልግም አይደል?" ብትሉትም "እሺ" ነው። ዕድሜውን ሙሉ እሺ ባለ ቁጥር ሲመሰገን የኖረ ሰው ነውና። ስለዚህ ሁለት ሦስት ክፍል ወስዳችሁ አሳዩት፤ ከዚያ ዝም ብላችሁ እዩት። የት ይቀመጣል? የትኛው ቤት ገና እንደገባ "እንሂድ" ይላል? ወንድሜ እኔ የወደድኩትን ሰፊ ክፍል ትቶ ጠባቧን መረጠ። መስኮቷ ወደ መንገድ ነው፤ ታክሲ የሚያጥቡት ልጆች ይታዩታል። ገና ከበሩ አልጋው የት እንደሚሆን በእጁ አሳየኝ።

ይህ እኛ የምናደርግለት ውለታ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2002 የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 19 የት እና ከማን ጋር እንደሚኖር መምረጥ የእሱ መብት ነው ይላል።

2. ቤቱ ቅርብ ይሁን፣ ውሉም ይመዝገብ

ቅርብ ስል በእግር፣ ታክሲ ሳይያዝ የሚደረስበት ማለቴ ነው። ምክንያቱን ስለ ሌሊቱ ስጽፍ ታዩታላችሁ። ምድር ላይ ያለ ክፍል፣ ሰው የማይጠፋበት ግቢ፣ ከውስጥም ከውጭም በአንድ ቁልፍ የሚከፈት በር ፈልጉ። መቀርቀሪያ ካለው አስነሱት። ከውስጥ ቀርቅሮ ቢታመም ማንም አይደርስለትም።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብም። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ለሌላ ተከራይ ይህ የገንዘብ ጉዳይ ይሆናል። ለእኛ ግን ሁለት ዓመት ያለመነቀል ዋስትና ነው። ወንድሜ ሰፈሩን ለመልመድ ስምንት ወር ፈጅቶበታል፤ በዓመቱ ልቀቁ ብንባል ኖሮ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነበር።

ውሉ ላይ የእሱም የእኔም ስም አለ፤ እሱም ፈርሟል። "እሱ እንዴት ይፈርማል?" የሚል አይጠፋም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሚነሳው ማንኛውም ሰው ችሎታ አለው ብሎ ነው። በፍርድ ቤት ማስከልከል የሚባል መንገድ መኖሩ እውነት ነው፤ አንዳንድ ዘመድም የውርስ ነገር ሲነሳ ወደዚያ ይሮጣል። ይህ መንገድ ራሱን ችሎ የመዋዋል መብቱን ስለሚወስድበት ሕግ አዋቂ ሳታማክሩ አትግቡበት።

3. የቤት ሥራን ከመጨረሻው ጀምራችሁ አስተምሩ

ለአንድ ዓመት ያህል ሽሮ ላስተምረው ሞክሬ አልሆነልኝም። ሽንኩርት ከመክተፍ ነበር የምጀምረው። ድስቱ ሳይደርስ ይደክመውና ጥሎ ይወጣል። ነገሩ የተለወጠው አንዲት የልዩ ፍላጎት መምህርት "ከመጨረሻው ጀምሪ" ስትለኝ ነው።

ሥራውን በትንንሹ ከፋፍሉት። የእኛ ሽሮ 14 ደረጃ ወጣው። አሥራ ሦስቱን እናንተ ሥሩ። እሱ ምድጃውን አጥፍቶ ያውጣው። "ሽሮው የማነው?" ሲባል "የኔ!" ይላል። ያንን ሲለምድ ማማሰሉንም ስጡት፤ ቀጥሎ ዱቄቱን መጨመሩን። እንዲህ እያላችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ። ሁልጊዜ የሚጨርሰው እሱ ስለሆነ ሁልጊዜ በተሳካ ነገር ይቆማል። ሽንኩርቱ ጋ ስንደርስ አምስት ወር ሆኖን ነበር፤ ያን ጊዜ ቢላውን የያዘው ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ነው።

አንድ ጊዜ አስታውሱትና ዝም በሉ። በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ካልሆነ በእጃችሁ ጠቁሙ፣ ካልሆነ በቃል ንገሩት፣ እጁን ይዛችሁ የምታሠሩት በመጨረሻ ብቻ ነው። እማዬ እዚህ ላይ ተቸግራለች። ሁለት ሳትቆጥር ማንኪያውን ትቀበለዋለች። ሠላሳ ዓመት ስትደርስለት ኖራ እጇን መሰብሰብ እንዴት ይሆንላት? በትምህርቱ ሰዓት ከእሱ ራቅ ብላ እንድትቀመጥ ተስማማን።

የኤሌክትሪክ ምድጃ ይሁን፣ ማብሪያ ማጥፊያው በግልጽ የሚታይ። የላምባ ምድጃና ሻማ አይግቡ። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይገድላል፤ ይህ ድርድር የለውም። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ አስቀድማችሁ አለማምዱት። እኛ ማታ ማታ ቆጣሪውን እያጠፋን ተለማመድን። ባትሪው ራስጌው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ምግብ ካልተሠራ በሶ ይበጠብጣል። ግድግዳው ላይ የደረጃዎቹን ፎቶ በላስቲክ ሸፍነን ለጥፈናል። የስልክ አፕሊኬሽንም ሞክሬ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶ ግን ቻርጅ አያልቅበትም።

4. ሌሊቱን አታቻኩሉ

የወደቅኩት እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን ቤት የተከራየሁለት ገርጂ ነበር፣ ለሥራዬ ቅርብ ስለሆነ። የእማዬ ቤት ግን ከዚያ ሩቅ፣ ሩፋኤል ነው። አንድ እሁድ ዕቃውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አመጣን። አዲስ አልጋ፣ አዲስ አንሶላ፣ አዲስ ብርድ ልብስ ገዛሁለት። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። ሁለት ሌሊት አብሬው አደርኩ። በሦስተኛው ቀን እንቅልፍ ሲወስደው ቀስ ብዬ ወጣሁ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ስልኬ ጮኸ። መገናኛ አካባቢ የአንድ ሕንፃ ጥበቃ ነው። "ልጃችሁ እኔ ጋ ነው፣ ደህና ነው" አለኝ። ስደርስ ወንድሜ ጋቢውን ተከናንቦ፣ በነጠላ ጫማ፣ የጥበቃው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቁልፉ በእጁ ነው። እንዳስተማርኩት በሩን ቆልፎ ነው የወጣው። "እማዬ ጋ" አለኝ። ቁጥሬ የተገኘው እማዬ በሹራቡ ውስጥ በኩል በጨርቅ ሰፍታበት ስለነበር ነው። ያ ጥበቃ ሻይ አጠጥቶታል። እስካሁን ስጸልይ አስበዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ለስድስት ሳምንት ከእማዬ ቤት አልወጣም አለ። መብራት ሲጠፋ ያለቅስ ነበር።

ጥፋቴን ቆይቼ አየሁት። ሁሉን በአንድ ቀን አደረግሁት። አርቄ ወሰድኩት። የለመደው ሽታ ያለበት አንድም ጨርቅ አላስቀረሁለትም። ከሁሉ የከፋው ተኝቶ እያለ ጥዬው መውጣቴ ነው። "እሁድ እማዬን ታያለህ" ብዬው ነበር፤ ለእሱ ግን እሁድ የሚባለው የሚጨበጥ ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው ሙከራ፣ እማዬ ቤት አቅራቢያ ባለችው ክፍል፣ አምስት ወር ፈጀ። በመጀመሪያው ወር ማደር የለም፣ ቀን ብቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እማዬ እዚያ ቡና ታፈላለች፣ እሱ ፈንዲሻ ያዞራል። ቀጥሎ የድሮ ትራሱንና ብርድ ልብሱን፣ ሳይታጠቡ፣ ራሱ ተሸክሞ አመጣቸው። በሁለተኛው ወር በሳምንት አንድ ሌሊት፣ ረቡዕ ብቻ፣ እኔ ፍራሽ አንጥፌ ከጎኑ። ከዚያ እኔ እዚያው ግቢ ጎረቤት ክፍል። ከዚያ እኔ ቤቴ፣ ስልኬ ግን ክፍት። ከዚያ ሁለት ሌሊት፣ ሦስት ሌሊት።

ቀኑን የሚጨበጥ ያደረገለት ሰባት የልብስ መቆንጠጫ ነው። በሲባጎ ላይ በተርታ ተሰክተዋል፤ ቢጫው እዚህ የሚያድርበት፣ ቀዩ እማዬ ጋ የሚያድርበት። ማታ ማታ አንዱን ያወርዳል። "ሁለት ቢጫ፣ ከዚያ ቀይ" ይለኛል። በቃ፣ እሁድ አሁን ይጨበጣል። ዛሬም ቅዳሜ ማታ እማዬ ጋ ያድራል። "መቼ ነው የሚተወው?" የሚሉኝ አሉ። ለምን ይተወዋል? እኔም ብችል በየሳምንቱ እሷ ጋ ባድር ደስ ይለኛል።

አንድ ሌሊት ቢበላሽ አንድ ደረጃ ብቻ ተመለሱ፤ ከዜሮ አትጀምሩ። ስልኩ የቁልፍ ስልክ ይሁን። አንድ ቁጥርን ተጭኖ ሲይዝ እኔ ጋ ይደወላል። ካሜራ ግጠሙ ያሉኝ ብዙ ናቸው፤ አልገጠምኩም። ልብሱን በሚቀይርበት ክፍል እኔን ካሜራ ቢያየኝ አልወድም።

5. ደጋፊው፣ ገንዘቡና ደኅንነቱ

እነዚህን አንድ ላይ የጻፍኳቸው ስለማይነጣጠሉ ነው። ጠዋትና ማታ የምትመጣ ተመላላሽ ሠራተኛ አለችን። ስትቀጠር የተስማማነው "አብረሽው ትሠሪያለሽ እንጂ አትሠሪለትም" ብለን ነው። ቤቱን ከእሷ ጥሩ የሚያጸዱ ብዙ አግኝቼ ነበር፤ እሱ እስኪጨርስ መጠበቅ ግን አልቻሉም። ሁለት ሳምንት ደመወዝ እየከፈላችሁ አስሞክሩ። ማንን መቅጠር እንዳለባችሁ የምታውቁት እሱን ስታናግር ሰምታችሁ ነው፦ "አንተ" ብላ ታወራዋለች ወይስ እሱ ቆሞ ስለ እሱ ከእናንተ ጋር ታወራለች?

በአንድ ሰው ላይ ብቻ አትደገፉ። ሁለተኛ፣ ሳምንት እየጠበቀ የሚመጣ ሰው ይኑር፤ የአክስት ልጅም ቢሆን። ገንዘቡን የሚይዘውና ገላ መታጠብ የሚያግዘው አንድ ሰው አይሁን። በአንድ ደብተር ላይ ምን እንደበላ፣ ስንት እንዳወጣ፣ እንዴት እንደዋለ በየቀኑ ይጻፍ። እሱን ደግሞ "አይሆንም" ማለትን አስተምሩት። "እሺ" የሚለውን ሁላችንም አስተምረነዋል። በጨዋታ ተለማመዱ፦ "ካልሲህን ልውሰድ?" "አይሆንም!" ሰውነቱ የራሱ እንደሆነ፣ ማንም ነክቶት "ለማንም እንዳትናገር" ካለው በዚያው ቀን ለእኔ እንዲነግረኝ ደጋግመን አውርተናል።

6. ጤና

የሚችለውን ነገር በድንገት ቢተው "ሰነፈ" አትበሉ፣ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች ላይ የእንቅርት ዕጢ መድከምና የመስማት ችግር በብዛት ይታያል። ዕድሜ ሲገፋ የመርሳት በሽታም ከሌላው ሰው ቀድሞ ይመጣባቸዋል። ወንድሜ አንድ ክረምት ምድጃውን ማጥፋት መርሳት ጀመረ፤ ቀኑን ሙሉም ይተኛ ነበር። የደም ምርመራው የዕጢው መድከም መሆኑን አሳየ። መድኃኒቱን ከጀመረ በኋላ ቀስ በቀስ ተመለሰ።

7. ጎረቤትና ዕድር

ቤት በገባ በሁለተኛው ሳምንት ግቢውን ሁሉ ቡና ጠራን። ቡና የጠራው ግን እሱ ነው፤ በየበሩ እያንኳኳ "ቡና ኑ" አለ። ስለ ዳውን ሲንድረም ረጅም ንግግር አላደረግንም። ምን እንደሚወድ፣ ሲጨንቀው ምን እንደሚያደርግ፣ ለማን እንደሚደወል ብቻ ተናገርን። በማዶ በር ያሉት እትዬ ጠዋት መጋረጃው ካልተከፈተ ይደውሉልኛል። ሌላ የጠየቅናቸው ነገር የለም።

ዕድር በራሱ ስም አስመዝግቡት። መጀመሪያ "በእናቱ በኩል ይበቃዋል" አሉን። እማዬ ስታልፍ ግን በእሷ በኩል የሚባል ነገር አይኖርም። ሁለት ስብሰባ ተመላልሰን ተቀበሉን። አሁን ለቅሶ ሲኖር ወንበር ያወርዳል፤ ወርሃዊ መዋጮውን በእጁ ከፍሎ ደረሰኙን መሳቢያው ውስጥ ያስቀምጣል።

8. አንኳኩ

ትርፍ ቁልፉ እኔ ጋ አለ፤ ለአደጋ ብቻ ነው። ስሄድ አንኳኩቼ እጠብቃለሁ። ከውስጥ "ማነው?" ይላል። ስሜን እነግረዋለሁ። ድምፄን እያወቀው አንዳንዴ "ቆይ፣ ሽሮ ላይ ነኝ" ይለኛል፤ ምድጃው እስኪጠፋ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።