የሕፃን አፍ እንዲፈታ እንዴት ማገዝ ይቻላል?

አብዛኞቹ ሕፃናት የመጀመሪያ ቃላቸውን የሚያወጡት አንድ ዓመት ሲሞላቸው አካባቢ ነው፤ ይሁንና አፍ መፍታት የሚጀምረው ቀደም ብሎ፣ ልጁ ከ6 ወር በኋላ «ባባባ»፣ «ማማማ» እያለ ድምፅ ሲደጋግም ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ይህን ድምፅ እንደ ወሬ ቆጥሮ፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ መመለስ ነው።

ቀጥሎ ልጁ የሚያየውን ነገር ስሙን መጥራት ይመጣል። በባሕር ዳር ለዚህ ከጣና ዳርቻ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ልጁ ዓይኑን ታንኳ ላይ ከጣለ «ታንኳ! ታንኳው ሄደ» ይባላል እንጂ፣ እኛን ወፏ ስላማረችን ብቻ ፊቱን ወደ እርሷ ማዞር አይገባም፤ ልቡ ከሌለበት ነገር ጋር የተነገረ ቃል በቀላሉ አይያዝለትምና።

ሦስተኛው፣ ለብዙ ወላጅ ከሁሉም የሚከብደው፣ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ጠይቀን ራሳችን ከመለስን ልጁ ተራ አያገኝም። «ማንጎ ነው ሙዝ?» ብለን 5 ሰከንድ ያህል እንታገሥ። «ማን» ካለ «አዎ፣ ማንጎ! ቢጫ ማንጎ» ብለን ቃሉን አሟልተን እንመልስለት። «ር»ን «ል»፣ «ጠ»ን «ተ» ቢያደርግ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ስለሆነ «እንደገና በል» እያሉ ማስጨነቅ አይጠቅምም፤ ትክክለኛውን ድምፅ ከእኛ አፍ መስማቱ ይበቃዋል። (ኮልታፋነቱን እየኮረጁ መሳቅ ግን፣ ደስ ቢልም፣ አያስተምረውም።)

አማርኛ ለጀማሪ ተናጋሪ የራሱ ፈተና አለው። ወንድ ልጅ ሁልጊዜ «ና» እየተባለ ስለሚጠራ እናቱንም «ና» ሊላት ይችላል፤ ዕቃ ሲሰጠው የሚሰማው «እንካ» ስለሆነም ዕቃ ሲፈልግ «እንካ» ይል ይሆናል። ይህ የሰማውን በጥንቃቄ መያዙን ያሳያል። እናቱ «ስጪኝ ነው? እንካ» ብላ ብትሰጠው ሁለቱን ቃላት በየቦታቸው ይሰማል።

እናቱ አዊኛ፣ አባቱ አማርኛ የሚናገሩለት ልጅም አለ። አንዱን ቋንቋ መተው አያስፈልግም፤ ቃላቱን ስንቆጥር ግን የሁለቱንም ቋንቋ አንድ ላይ እንቁጠር።

ስልክ የሰው ምላሽን አይተካም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለአንድ ዓመት ልጅ ስክሪን አይመክርም።

ልጁ በ12 ወሩ በጣት ካልጠቆመ ወይም ድምፅ ካልደጋገመ፣ በ18 ወሩ አንድም ቃል ካላወጣ፣ በ2 ዓመቱ «አባ ሄደ» እንደሚባለው ሁለት ቃል ካላጋጠመ፣ ወይም ይናገረው የነበረውን ከተወ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» እያሉ መጠበቅ አይገባም። የሚናገራቸውን ቃላት በወረቀት ጽፎ፣ ከጀርባው በስሙ ሲጠራ መዞር አለመዞሩንም አስተውሎ ጤና ጣቢያ መውሰድና ጆሮው እንዲመረመር መጠየቅ ያስፈልጋል።