ቀጭኑ ወይስ ግዙፉ? ክብደት አንሺዎችን ስናወዳድር የሚበላሸው ስሌትና መፍትሄው

ጂም ውስጥ የማያልቅ ክርክር አለ። ቀጭኑ "እኔ የኪሎዬን ሦስት እጥፍ አነሳለሁ" ይላል። ግዙፉ ደግሞ "አንተ የምታነሳው ለእኔ ማሟሟቂያ ነው" ይላል። ሁለቱም ለፍተዋል፤ ስለዚህ ፍርዱ ትክክል ሊሆን ይገባል። ስሌቱ ሲበላሽ የሚያሳያቸው ምልክቶች አሉ። ከዚህ በታች "ድምር" ስል የስናች (ብረቱን ከመሬት በአንድ ጊዜ ከራስ በላይ ማንሳት) እና የክሊን ኤንድ ጀርክ (መጀመሪያ ወደ ትከሻ፣ ከዚያ ከራስ በላይ ማንሳት) ድምር ማለቴ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ምልክት፦ ሁልጊዜ ቀጭኑ ያሸንፋል

ይህ የሚመጣው ድምሩን በቀጥታ ለሰውነት ክብደት ስታካፍሉ ነው። እንበል አንዱ 61 ኪሎ ሆኖ ድምሩ 200 ነው። ሌላው 96 ኪሎ ሆኖ 270 አንስቷል። ስታካፍሉ ቀጭኑ 3.28፣ ግዙፉ 2.81 ያገኛል። ቀጭኑ በሰፊው የበለጠ ይመስላል።

መንስኤው ጉልበት ከኪሎ ጋር እኩል አለማደጉ ነው። የጡንቻ ጉልበት የሚወሰነው በውፍረቱ፣ ማለትም ጡንቻው ቢቆረጥ በሚታየው ስፋት ነው። አንድ ሰው በቁመትም በወርድም በውፍረትም እጥፍ ቢሆን ይህ ስፋት 4 እጥፍ ያድጋል። ክብደቱ ግን 8 እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ግዙፉን በኪሎው ማካፈል በተፈጥሮ የማይቻለውን ከእሱ መጠበቅ ነው።

መፍትሄው የሲንክሌር ቀመር ነው። የቀመሩ ጥያቄ ይህ ነው፦ ይህ ሰው በዚሁ ብቃቱ የከባዱ ምድብ ሰው ቢያክል ኖሮ ስንት ኪሎ ያነሳ ነበር? ለወንዶች ከ2021 እስከ 2024 በነበረው ቁጥር ስሌቱ እንዲህ ነው። 193.609ን ለሰውነት ክብደት አካፍሉ። የውጤቱን ሎጋሪዝም በ10 መሠረት ውሰዱና በራሱ አባዙት። በ0.722762521 አባዙት። ከዚያ 10ን በዚያ ቁጥር ኃይል አንሱ (10^ቁጥሩ)። የመጣው ማባዣ ነው፤ ድምሩን በእሱ አባዙ። ክብደቱ ከ193.609 በላይ የሆነ ሰው ማባዣው 1 ብቻ ነው።

የእኛ ቀጭን ማባዣው 1.52 ሆኖ 304 ነጥብ ያገኛል። ግዙፉ 315 ያገኛል። ፍርዱ ተገለበጠ ማለት ነው!

ይህ ቀመር ለግዙፎች ያደላል ብላችሁ ግን አትስጉ። ቱርካዊው ናይም ሱሌይማኖግሉ በ1988 ሴኡል ኦሎምፒክ ላይ በ60 ኪሎ ምድብ 152.5 እና 190፣ በድምሩ 342.5 አነሳ። ጆርጂያዊው ላሻ ታላካድዜ በ2021 ታሽከንት ላይ 225 እና 267 አንስቶ 492 ደረሰ፤ እሱ ከ170 ኪሎ በላይ ነበር። በዚሁ ቀመር ናይም 527 አካባቢ ያገኛል፣ ላሻ ከ495 አያልፍም። ለእኔ ናይምን የሚያህል የለም።

ምልክት፦ አንዱ ካልኩሌተር 288፣ ሌላው 304 ይላል

ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ቀመሩ በየኦሎምፒክ ዙሩ ይታደሳል፣ ምክንያቱም ክብረ ወሰኖች ይለወጣሉ። ያው 61 ኪሎ የሚመዝነው ልጅ ከ2017 እስከ 2020 በነበረው ቁጥር 288 ነው፣ ከ2021 እስከ 2024 በነበረው 304። አደጋው ቁጥሮቹን ስትደባልቁ ነው። ቀጭኑን በኋለኛው፣ ግዙፉን በፊተኛው ብታሰሉ ሁለቱም 304 ይሆኑና እኩል ናቸው ትላላችሁ። ሁሉንም በአንድ ዙር ቁጥር አስሉ። ነጥብ ስትጽፉም የየትኛው ዙር እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ።

ምልክት፦ ነጥቡ ካየነው ብቃት ጋር አይገጥምም

አብዛኛውን ጊዜ ቀመሩ ውስጥ የገባው የምድቡ ስም ነው፣ የሰውየው ኪሎ አይደለም። በ73 ምድብ የተወዳደረ ሰው ሚዛን ላይ 68 ሊሆን ይችላል። ድምሩ 220 ከሆነ በ73 ስታሰሉት 297 ያህል ነው፣ በ68 ግን 310። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ውድድር ሲሆን ሚዛን የሚጀመረው ከውድድሩ 2 ሰዓት በፊት ነው፤ ያንን ኪሎ ተጠቀሙ። ጂም ውስጥ ከሆነ በዚያው ቀን ሚዛን ላይ ውጡ። የባለፈውን ወር ኪሎ ተዉት።

ምልክት፦ ሴቶቹ ዝቅ ብለው ይታያሉ

በወንዶች ቁጥር አስልታችኋል። ከ2021 እስከ 2024 የሴቶቹ ቁጥር 153.757 (በ193.609 ፋንታ) እና 0.787004341 (በ0.722762521 ፋንታ) ነበር። የሴትና የወንድ ነጥብን ግን ጎን ለጎን አታስቀምጡ፤ ቁጥሮቹ የተሠሩት ለየብቻ ነው።

ዊልክስ የሚባለው ነጥብም ለፓወርሊፍቲንግ (ስኳት፣ ቤንች ፕሬስና ዴድሊፍት የሚነሱበት ሌላ ስፖርት) ነው። ለስናች አይሆንም።

ምልክት፦ የድሮዎቹ ሰዎች ከሰው በላይ ይመስላሉ

የሶቪየቱ ቫሲሊ አሌክሴዬቭ በ1970 ድምሩ 600 ኪሎ ገባ። ከላሻ በ108 ኪሎ ይበልጣል ማለት አይደለም። እስከ 1972ቱ የሙኒክ ኦሎምፒክ ድረስ ውድድሩ ሦስት ማንሻ ነበረው፤ ፕሬስም (ብረቱን ከትከሻ በክንድ ጉልበት ከራስ በላይ መግፋት) ይደመር ነበር። የድሮ ውጤት ስታገኙ መጀመሪያ ዓመቱን እዩ። 1972 ወይም ከዚያ በፊት ከሆነ ፕሬሱን ቀንሱና የቀሩትን ሁለቱን አስሉ። እንዲያም ሆኖ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሬስ ስለነበር እነዚያ ሰዎች ወደ ስናች የሚገቡት ደክመው ነው። ነጥባቸው ትንሽ አንሶ ብታገኙት ይህን አስቡላቸው።