ሴካፋ ሲመጣ ሂሳቡ እንዳያምታታችሁ

የሴካፋ ዋንጫ፣ ማለትም የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ብሔራዊ ቡድኖች የእግር ኳስ ውድድር፣ በተጀመረ ቁጥር ያው ነው። «እነሱ ከተሸነፉ፣ እኛ በሁለት ካሸነፍን...» ይባላል፣ ከዚያ ሁሉም የየራሱን ሂሳብ ይዞ ይጨቃጨቃል። እኔ አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃኛል።

ኳሱ ሳይጀመር ደንቡን እዩ። ስንት ምድብ አለ? ከየምድቡ ስንት ያልፋል? ነጥብ እኩል ሲሆንስ? አንዱ ውድድር መጀመሪያ የግብ ልዩነት ያያል፣ ሌላው እርስ በርስ ሲጫወቱ ማን አሸነፈ ይላል። ይህቺን ሳያውቁ መቁጠር ዝም ብሎ ድካም ነው።

ከዚያ የምድቦቹን ሰንጠረዥ ሥሩ፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ለሦስተኞቹ ብቻ ሌላ ሰንጠረዥ ጨምሩ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። በፈረንጆቹ 2015 እኛ ስናዘጋጅ 12 ቡድን በ3 ምድብ ነበር። ከየምድቡ ሁለት ሁለት አልፈው 6 ሆኑ፣ ሩብ ፍጻሜው 8 ስለሚፈልግ ሁለት ምርጥ ሦስተኞች ተጨመሩ። ዋልያዎቹ በሩዋንዳ 1 ለ 0 ተሸነፉ፣ ሶማሊያን 2 ለ 0 አሸነፉ፣ ከታንዛኒያ 1 አቻ ወጡ። 4 ነጥብ፣ ሦስተኛ። ገና በመጀመሪያው ሽንፈት «አለቀልን» ያለ ሰው ነበር፤ ቡድኑ ግን አለፈ፣ ሩብ ፍጻሜ ላይ ያችኑ ታንዛኒያን በመለያ ምት ጣለ፣ መጨረሻም ሱዳንን አሸንፎ ውድድሩን ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ።

የጨዋታ ሰዓትም ጻፉ። ሜዳው አንድ ከሆነ የምድቡ የመጨረሻ ጨዋታዎች ተከታትለው ሊደረጉ ይችላሉ፣ ያኔ ኋላ የሚገባው ቡድን አቻ ይበቃው አይበቃው አውቆ ነው የሚገባው። ለአቻው ሰዓት ሲገድሉ ካያችኋቸው አትገረሙ።

ስም አይታችሁም አትገምቱ። ውድድሩ ከፊፋ ቀናት ውጭ ከሆነ ክለቦች ተጫዋች የመልቀቅ ግዴታ የለባቸውም፣ ስለዚህ የመጣውን ስብስብ እዩ። ተጋባዥም አለ፦ በ2010 አይቮሪ ኮስት በአገር ውስጥ ተጫዋቾቿ መጥታ ፍጻሜ ደርሳለች፣ በታንዛኒያ ተሸነፈች እንጂ። ዛንዚባር ደግሞ የታንዛኒያ አካል ብትሆንም እዚህ ለብቻዋ ትገባለች፣ አንድ መስመር ስጧት።

ጥሎ ማለፉ ጋ ስትደርሱ አንድ ነገር ብቻ አጣሩ፦ ጭማሪ 30 ደቂቃ አለ ወይስ በቀጥታ መለያ ምት? ካላጣራችሁ 90ው ሲያልቅ ሻይ ልታፈሉ ትነሱና ስትመለሱ ሁለት ምት አልፏችኋል።