ልጃችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ መጀመሪያ የምታደርጉት

«ልጃችሁ ተይዟል፣ ቶሎ ኑ» የሚል ስልክ ሲመጣ አብዛኛው ወላጅ የሚሮጠው ዋስ ፍለጋ ነው። ከዋስ በፊት ግን ወረቀት ያስፈልጋል። ዕድሜውን የሚያሳይ ወረቀት።

ለምን ቢባል፣ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ የልጁ ዕጣ የሚወሰነው በዕድሜው ነው። 9 ዓመት ያልሞላው በወንጀል አይጠየቅም፣ አለቀ። ከ9 እስከ 15 ያለው ይጠየቃል፤ ግን ለአዋቂ የተጻፈው ቅጣት አይነካውም፣ ከአዋቂ እስረኛ ጋርም መቀላቀል የለበትም። 15ን አልፎ 18 ያልሞላው በመደበኛው ሕግ ነው የሚዳኘው፤ ሆኖም ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀሉለት፣ ገና ሊታረም ይችላል ብለው ካመኑም ለትንንሾቹ የተቀመጠውን እርምጃ ሊወስዱለት ይችላሉ። ሞት አይፈረድበትም። የሚቆጠረው ደግሞ ድርጊቱ በተፈጸመበት ቀን የነበረው ዕድሜ ነው።

ስለዚህ የልደት ምስክር ወረቀቱን ይዛችሁ ውጡ። ከሌለ አትደንግጡ። ወሳኝ ኩነት (ልደት፣ ጋብቻ፣ ሞትና የመሳሰለው) በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የጀመረው በ2008 መጨረሻ ስለሆነ፣ ዛሬ ጎረምሳ የሆኑት ብዙዎቹ ሲወለዱ ማንም አልመዘገባቸውም። የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ካርድ፣ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ የተሞላው ፎርም ኮፒ፣ ያገኛችሁትን ሰብስቡ። ጣቢያ መጀመሪያ የሚጻፈው ልጁ በአፉ የተናገረው ሊሆን ይችላል፤ የ14 ዓመት ልጅ ደግሞ ጓደኞቹ ፊት «18 ነኝ» ማለት አይከብደውም። ያቺ አንዲት ቁጥር ከአዋቂዎች ጋር ልታሳድረው ትችላለች። ተሳስቶ ከተጻፈ ወረቀቱን አሳይታችሁ እዚያው አስተካክሉ፤ እምቢ ካሉ ለዳኛው ተናገሩ። ምንም ማስረጃ ከሌለ ሐኪም ቤት ተልኮ ይመረመራል፤ የሐኪሙ ውጤት ግን ግምት ነውና ወረቀት ካለ ወረቀቱ ይሻላል።

ጣቢያ ደረሳችሁ እንበል። እባካችሁ በር ላይ በጥፊ አታጩሉት። ከጥፊው የባሰው ግን «እኔ አልቻልኩትም፣ እሰሩልኝና ይማርበት» የምትለዋ ንግግር ናት። በንዴት ነው የምትወጣው፣ ይገባኛል። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሕጉ ገና ከመጀመሪያው «ይህን ልጅ ለማን ልስጠው?» እያለ ነው የሚሄደው፣ እናንተ ደግሞ በገዛ አፋችሁ «ለእኔ አትስጡኝ» እያላችሁ ነው።

በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከ9 እስከ 15 ላሉት ልጆች የተለየ አካሄድ አለ። ፖሊስ ልጁን ወዲያውኑ በቅርብ ወዳለው ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት፤ ምርመራው እንዴት ይሂድ የሚለውንም መመሪያ የሚሰጠው ፍርድ ቤቱ ነው። ቀጠሮ ከተሰጠ ልጁ ለወላጅ፣ ለአሳዳጊ ወይም ለዘመድ ይሰጣል፤ እነሱ ከሌሉ ለታመነ ሰው። ተረካቢው በቀጠሮው ቀን ሊያቀርበው ኃላፊነት ይወስዳል። ስለዚህ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ቋሚ ቤት ያላት አክስት ወይም ሰፈር የሚያከብረው አጎት ካለ አብሯችሁ ይምጣ። እና ልጁ አንዴ በእጃችሁ ከገባ በኋላ «ነገሩ እስኪበርድ» ብላችሁ ገጠር አያቱ ጋ እንዳትልኩት። በቀጠሮው ቀን ከጠፋ የሚጠየቀው የተረከበው ሰው ነው፣ ዳኛውም ሁለተኛ አያምኗችሁም።

ችሎቱ ዝግ ነው። በዳኛው ቢሮ፣ የፍርድ ቤት ሥነ ሥርዓት ሳይበዛበት ይካሄዳል። ወሬኛ ጎረቤት አይገባም። ለልጁ የማይሆን ነገር የሚወራ ከሆነ ልጁ ወጣ እንዲል ይደረጋል። ወላጅ ወይም አሳዳጊ ከሌለው፣ ወይም ነገሩ ከ10 ዓመት በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ፣ ጠበቃ እንዲቆምለት ፍርድ ቤቱ ያዛል። ማንም ባያነሳው እናንተ አንሱት።

ጥፋተኛ ከተባለ ምን ይመጣል? ቀላሉ ተግሣጽ ነው፤ ዳኛው ቁጭ አድርገው ይመክሩታል። አነስ ላለ ጥፋት ደግሞ ከትምህርት ውጪ ባለው ሰዓት ወይም በእረፍት ቀን ቤት ወይም ትምህርት ቤት ቆይቶ የታዘዘውን ሥራ እንዲሠራ ሊደረግ ይችላል። የአእምሮ ሕመም ወይም ሱስ ካለ ሕክምና አለ።

ለወላጅ ትልቁ ግን በክትትል ሥር ማስተማር የሚባለው ነው። ልጁ ለቤተሰቡ ይሰጣል፣ ቤተሰቡ ካልቻለ ለሌላ የታመነ ሰው ወይም ለልጆች ድርጅት። የሚረከበው ሰው «ጠባዩን በኃላፊነት እከታተላለሁ» ብሎ ፍርድ ቤት ፊት በጽሑፍ ይፈርማል። ዳኛው ትምህርት እንዳያቋርጥ ወይም ሙያ እንዲለምድ ግዴታ ሊጨምሩበት ይችላሉ። እዚህ ላይ ባዶ እጃችሁን አትቅረቡ። «ጥሩ ልጅ ነው» ማለት አይበቃም፤ ጠዋት ማን ያደርሰዋል፣ ከሰዓት የት ይውላል፣ ከእነማን ጋር አይገናኝም፣ ጋራዥ ወይም እንጨት ቤት ሊያስተምረው ፈቃደኛ የሆነ ባለሙያ አለ ወይ፣ ይኼን ይዛችሁ ሂዱ። ዳኛው አማራጭ ካላዩ ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም ያያሉ፤ እሱ ደግሞ ከ1 እስከ 5 ዓመት ነው፣ ከ18ኛ ልደቱ ግን አያልፍም። ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ ተቋም ተብሎ የሚታወቀው አዲስ አበባ ልደታ ያለው ነበር። ልጁ ከሩቅ ክልል ሲሆን መጠየቁ ራሱ ምን ያህል ፈተና እንደሚሆን አስቡት። መቀጮና እስራት የሚመጡት እነዚህ እርምጃዎች ተሞክረው ካልሠሩ ነው፣ እስራቱም ለከባድ ወንጀል ብቻ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። እነዚህ እርምጃዎች እንደ ቅጣት አይቆጠሩም፤ ልጁ «በወንጀል የተቀጣ» አይባልም። ትምህርት ቤት ወይም ቀጣሪ በዚህ ቢያሸማቅቀው መልስ አላችሁ።

ትእዛዙም በድንጋይ የተጻፈ አይደለም። ልጁ፣ ወኪሉ ወይም የተረከበው ሰው በማንኛውም ጊዜ ይሻሻልልን ብሎ ማመልከት ይችላል። የመዝገብ ቁጥሩን ጻፉ፣ ከትምህርት ቤት የውጤትና የጠባይ ወረቀት አያይዙ፣ ምን እንዲቀየር እንደምትፈልጉ በአንድ ገጽ ተናገሩና ውሳኔውን ለሰጠው ፍርድ ቤት አስገቡ።