ልጅን ከመንግሥት ትምህርት ቤት አውጥቶ ቤት ውስጥ ማስተማር እንዴት ይጀመራል?

ደሴ ውስጥ «ልጄ ቤት ነው የሚማረው» ሲሉ ጎረቤት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን አጥፍቶ?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «ታመመ እንዴ?» ይመጣል። የ4ኛ ክፍል ልጄን ሳስወጣ ሁለቱንም ሰምቻለሁ። ከትምህርት ቤት አጥር ውጭ መማርማ ለወሎ ሰው ብርቅ አይደለም፤ ሉሑን ታቅፎ ሸሁ ፊት የሚቀራው ደረሳም፣ የኔታ እግር ሥር ዳዊት የሚደግመው የቆሎ ተማሪም ደወልና ሰልፍ አያውቁም። ሰው ግር የሚለው ልጅ በሥራ ቀን ጠዋት ደጅ ላይ ሲታይ ነው። ይህን መጀመሪያ ያነሳሁት፣ የቤት ትምህርት እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው ወላጅ ማስተማር አቅቶት ሳይሆን ሰዓቱን የሚያከብርለት አጥቶ ስለሆነ ነው።

ሳይወጣ በፊት

ለምን እንደሚያስወጡት በአንድ መስመር ይጻፉት። «ሰሌዳው አይታየውም» ከሆነ አስቀድመው ዓይኑን ያስመርምሩ። የሚመታው ልጅ ካለ ከክፍል ኃላፊው መምህር ጋር ይነጋገሩ። የእኔ ምክንያት ልጄ ሳያነብ 4ኛ ክፍል መድረሱ ነበር፤ ክፍሉ ከመጨናነቁ የተነሳ ማንም አላስተዋለውም፤ እኔም ጭምር።

ከዚያ ወረቀቱን ይጨርሱ። የተዋሰውን መጽሐፍ መልሰው መልቀቂያ፣ ትራንስክሪፕትና ያለፉትን ዓመታት ሪፖርት ካርድ ከነማኅተሙ ይቀበሉ። የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት በአካል ሄደው ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ልጁ ሲመለስ በምን መመዘኛ ነው ክፍል የሚመደበው? ፈተና ሲደርስ በየትኛው ትምህርት ቤት ይመዘገባል? ከእኔ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ የቃል መልስ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ልጁ 6ኛ ወይም 8ኛ ክፍል ከሆነ የክልሉን ፈተና ሳይወስድ አያስወጡት። ሌላውም ቢሆን ሰኔ ላይ ካርዱን ይዞ ቢወጣ ከጥር ይሻላል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ደብተር አይክፈቱ። ልጁ ይረፍ፤ እርስዎ ደግሞ ምን እንደሚያውቅ በጨዋታ ይለዩ። ማታ ማታ «እንቆቅልህ»፣ «ምን አውቅልህ» እየተባባሉ የቃላት ሀብቱን ይሰማሉ። ገበያ ወስደው በጣሳ የሚሸጠውን ጤፍ ዋጋ ያስደምሩት።

ንባቡን ሲፈትሹ ግን ይጠንቀቁ። ልጄ የአማርኛ መጽሐፉን ገጽ እንደ ውኃ ያወርደው ነበር። ከታችኛው መስመር ወደ ላይ አንብብ ብዬ ሳዘው ቆመ። ለካ በቃሉ ይዞት ኖሯል። «ሚ»ን ነጥዬ ሳሳየው ከ«መ» ተነስቶ በዜማ እየቆጠረ ነው የሚደርስባት። ስለዚህ ፊደሎቹን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፍኩና በወዝኩ፤ በቀን ሃያ ካርድ፣ የሳታቸው በማግስቱ ይደገማሉ። ፊደል ገበታው 33 በ7፣ 231 ነው፤ ሲያዩት ያስፈራል እንጂ አብዛኛውን ያውቀው ስለነበር ሁለት ወር አልፈጀብንም። የእርስዎም ልጅ «ያነባል» ቢባል እንኳ ከታች ወደ ላይ ያስነብቡት።

ሰዓቱን ማስከበር

ሙሉ ቀን አያስፈልግም። አንድ ለአንድ ሲማር ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ተኩል በቂ ነው፤ መሐል ላይ ግማሽ ሰዓት ዕረፍት። ባቲ አካባቢ ከሆኑ ሰኞ ገበያ ነውና በከንቱ አይታገሉ፤ ቅዳሜን ይተኩበት።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ቤት የዋለ ልጅ የሰፈሩ ሁሉ መልእክተኛ ይሆናል። «እስኪ ሮጥ በልና ጨው…»፣ «ውኃ መጣ፣ ጀሪካኑን…»፣ ገጠር ከሆነ ደግሞ በጎቹ አሉ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ስድስት ጊዜ ተጠርቶብኝ ደብተሩን ዘጋሁት። ያዳነን ቀላል ነገር ነው፤ ጫማውን አድርጎ፣ ከበሩ ርቆ ጓዳ አጠገብ ይቀመጣል። እናቴን «እስከ 5 ሰዓት ተኩል ለጠየቀሽ ሁሉ ትምህርት ቤት ነው በዪ» አልኳት። «አብሽሪ፣ እኔም አላየሁትም» አለች። ከዚያ ወዲህ ልክ 5 ሰዓት ተኩል ሲሆን ጣሳዋን ይዛ የምትጠራው እሷ ናት።

ምን ይማር?

የመንግሥቱን የተማሪ መጽሐፍ እንደ መሠረት ይያዙ፤ መመለሻው እሱ ነው። 9ኛ ክፍል ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ በየቀኑ ሩብ ሰዓት ድምፁን ከፍ አድርጎ እንግሊዝኛ ያንብብ። ስልክና መብራት እንደ ልብ ስለማይገኙ ዕቅድዎን በእነሱ ላይ አይመሥርቱ።

የቤት ትምህርት ትልቁ ጥቅም አገሩን መማሪያ ማድረጉ ነው። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ልጄ ሹራቡን አወለቀ። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲለያይ ሙቀቱ በ6.5 ዲግሪ ያህል እንደሚለያይ ነግሬው፣ የሁለቱን ከተሞች የ600 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት ሰጠሁት፤ ወደ 4 ዲግሪ እንደሚሆን ራሱ አሰላው። ወደ ወልድያ የሚሄዱ ከሆነ ውጫሌ ላይ ይቁሙ። በ1881 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ፣ በአማርኛው ኢትዮጵያ ከውጭ መንግሥታት ጋር ስትገናኝ ጣሊያንን መጠቀም «ትችላለች»፣ በጣሊያንኛው ግን «ይገባታል» የሚል ትርጉም ነበረው። ከዚያ በኋላ ስለ ግስ ሰዋስው ሳስተምረው «ምን ያደርግልኛል?» ብሎኝ አያውቅም።

ጓደኞቹ

ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ከሆነ የጠዋቶቹ ከሰዓት ነፃ ናቸው፤ ኳሱ እንዳይቋረጥ። መድረሳ ወይም ሰንበት ትምህርት ቤት የሚሄድ ከነበረም ይቀጥል።

መመዘንና መመለስ

በየወሩ ከምዕራፉ መጨረሻ ያለውን የክለሳ ጥያቄ ይፈትኑት፤ እርማቱን ግን ሌላ ሰው ይሥራው። እኔ ለጎረቤት ጡረተኛ መምህር ነው የምሰጠው፤ እናት ስታርም ግማሽ ማርክ መጨመሯ አይቀርም። ፈተናውን ቀን ጽፈው ከደብተሮቹ ጋር ያስቀምጡ። ልጁ ልመለስ ካለ ይህን ክምር፣ ትራንስክሪፕቱንና የወረዳውን ወረቀት ይዘው ምዝገባው ሳይዘጋ ነሐሴ ላይ ይሂዱ፤ መስከረም ከገባ መቀመጫው ይያዛል።