ዘይቤንና አንብቦ መረዳትን ከልጆች ጋር እንዴት መከለስ ይቻላል?

ከ4ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያለ ተማሪ «ተለዋጭ ዘይቤ ምንድን ነው?» ሲባል ከደብተሩ የሸመደደውን ፍቺ (ያለ «እንደ» አንዱን ነገር ሌላው ነው ማለት) በአንድ ትንፋሽ ይወጣዋል። «ከምንባቡ አንድ አውጣ» ሲባል ግን ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ስለዚህ በክለሳ ጊዜ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ይሻላል፤ መጀመሪያ ልጁ ነገሩን ያግኘው፣ ስሙ በኋላ ይደርሳል። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ለመምህርም፣ ማታ ማታ ታናሹን ለሚያስጠና ታላቅ ወንድም ወይም እህትም ይሆናል።

በእንቆቅልሽ ይጀምሩ

የጎጃም ልጅ ትምህርት ቤት ሳይገባ እንቆቅልሽ ያውቃል። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ!» «ሲሄድ ቢውል ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?» መልሱ ወንዝ ነው፤ ዓባይ የሚልም አይጠፋም፣ ይቀበሉት። ያልመለሰ አገር ይስጥ። ጨዋታው ሲሞቅ አንድ ጥያቄ ጣል ያድርጉ፦ «ድካም የማን ነው? የሰው ወይስ የውሃ?» ልጆቹ የሰውና የእንስሳ መሆኑን ከተናገሩ ሰው ላልሆነ ነገር የሰው ባሕርይ የሚሰጠው ሰውኛ ዘይቤ ደጃፍ ላይ ደርሰዋል። አስር ደቂቃ ይበቃል፤ ካላቆሙት ክፍለ ጊዜው በእንቆቅልሽ ያልቃል።

አጭር ምንባብ ሰሌዳ ላይ ይጻፉ

መጽሐፍ ለሁሉም ባይዳረስ ችግር የለም። ልጆቹ ከሚያውቁት አካባቢ የተቀዳ አምስት ስድስት ዓረፍተ ነገር በቂ ነው። ለምሳሌ፦

«ጎህ ሳይቀድ ተነሡ። የጮቄ ተራራ ጉሙን ደርቦ ገና ተኝቷል። አስማረ የጭነቱን ገመድ ሳብ አድርጎ አየ፤ ጥቂት እንደ ሄዱም መልሶ አየው። ነፋሱ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። እናቱ ‹ቶሎ በል ልጄ፣ ወንዙ ሳይሞላ እንሻገር› አለችው። ቀና ብሎ ሰማዩን አየና አህያዋን ነካ አደረጋት።»

አንድ ጊዜ እርስዎ ድምፅ አሰምተው ያንብቡላቸው፤ ከዚያ እነሱ በለሆሳስ ያንብቡ። ፊደል ላይ የሚደናቀፍ ልጅ ካለ ጥሩ አንባቢ አጠገብ ያስቀምጡት። እሱን ስለ ዘይቤ መጠየቅ ያለ ጊዜው ነው።

«ከየት አወቅህ?» ብለው ይጠይቁ

የክለሳው እምብርት ይህ ነው፤ ጊዜዎን እዚህ ያጥፉ። በቀላሉ ይጀምሩ፦ ገጸ ባህሪያቱ እነማን ናቸው? መቼቱስ (ጊዜውና ቦታው)? ጊዜው ጎህ ሳይቀድ መሆኑ በግልጽ ተጽፏል። ወቅቱ ግን አልተጻፈም። «ክረምት ነው» ያለ ልጅ ጣቱን «ወንዙ ሳይሞላ» የሚለው ላይ ካሳረፈ፣ ፍንጭ ይዞ መገመት ማለት ምን እንደሆነ ገብቶታል።

ቀጥሎ «ወዴት እየሄዱ ነው?» ይበሉ። ብዙዎቹ በአንድ ድምፅ «ገበያ!» ይላሉ። አንዷ ከኋላ «ወፍጮ ቤት ቢሆንስ?» ካለች ደስ ይበልዎ። ጭነትና አህያ ለሁለቱም ያስኬዳል፤ ምንባቡም አንዱን አልለየም። ሁለቱም መልስ ተቀባይነት አለው፤ «ለሠርግ» ያለው ግን የሚያሳየው ቃል ስለሌለው ዝም ብሎ መላ መምታት ይሆንበታል። «አስማረ ምን ተሰምቶታል?» የሚለውም እንዲሁ ነው። ሥጋት የሚል ቃል የትም የለም፤ ገመዱን ሁለት ጊዜ ማየቱና ሰማዩን ቀና ብሎ መመልከቱ ግን አለ። መምህሩ እዚህ ላይ ቸኩሎ መልሱን ከተናገረ ሥራውን ሁሉ ያበላሸዋል። ዝምታው ቢረዝም ይታገሡ።

አሁን ዘይቤዎቹን ያስለቅሙ

«እንደ» ያለበትን ሁሉ እንዲያሰምሩ ያድርጉ። ሁለት ቦታ ያገኛሉ። «እንደ ምላጭ» ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው፤ ነፋስና ምላጭ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሲሆኑ በመቁረጥ ተመሳስለዋል። «ጥቂት እንደ ሄዱ» ግን ጊዜን ነው የሚያመለክተው፤ ማነጻጸር የለበትም። «አስማረ እንደ እናቱ በማለዳ ተነሣ» ብንልስ? ሁለቱም በእርግጥ ተነሥተዋል፤ ይህም ዘይቤ አይደለም። «እንደ» ባየ ቁጥር ተነጻጻሪ ዘይቤ ብሎ የሚጽፍ ተማሪ በየክፍሉ አለ፤ ጥፋቱም የልጁ ሳይሆን «ምልክቱ እንደ ነው» ብሎ ያስተማረው ሰው ነው።

ከዚያ «እንደ»ን አውጥተው «ነፋሱ ምላጭ ነው» ብለው ይጻፉ። ተለዋጭ ሆነ። ስለ ጮቄ መኝታ ደግሞ የእንቆቅልሹን ጥያቄ ይድገሙ፤ ጋቢ እንደሚደርብ ሰው ተደርጎ መሣሉን ራሳቸው ይነግሩዎታል። ሰምና ወርቅን ለሌላ ቀን ያቆዩት። ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች አገር ነውና ማጓጓቱ አይቀርም፤ ግን ሦስቱን ዘይቤዎች ሳይለዩ ወደዚያ መግባት ማደናገር ነው።

ግጭትንና ጭብጥን በተረት

ለነዚህ ሁለቱ ሁሉም የሚያውቀው ተረት ይሻላል። የጅብ ወይም የጦጣ ተረት አንዱ ልጅ ይንገር፤ ሌሎቹ ማን ምን ፈለገ፣ ምን አገደው የሚለውን ይመልሱ። ግጭቱ እሱ ነው። ጭብጡን (የተረቱን ዋና ሐሳብ) ሲጠይቁ «ስለ ጅብ» ይሉዎታል፤ «ስለ ጅብ ምን?» እያሉ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እስኪሆን ድረስ ይግፏቸው። ለመቼት ግን ተረትን አይጠቀሙ፤ «ከዕለታት አንድ ቀን» ጊዜም ቦታም አይነግርም።

መፈተኛው

ፍቺ አያስጽፉ። እያንዳንዱ ልጅ ስለ መንደሩ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ አንዱ ዘይቤ ይኑረው። ደብተር ይለዋወጡና ጓደኛው ዘይቤውን ፈልጎ ያስምርበት፣ ስሙንም ከጎኑ ይጻፍበት። ካልተስማሙ ወደ እርስዎ ከመምጣታቸው በፊት እርስ በርስ ይከራከሩ።